የቤንጋል ጣፋጮች፦ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ የወተት ሙያ

እአአ በ1965 የሕንዷ ምዕራብ ቤንጋል ግዛት የወተት እጥረት ገጠማት። የግዛቲቱ መንግሥትም ወተቱ ለመጠጥ እንዲውል በማሰብ “ቻና” ከሚባለው የወተት ውጤት የሚሠሩ ጣፋጮችን አገደ። ለሌላ አገር ሰው የቅንጦት ጉዳይ ሊመስል ይችላል። በኮልካታ ግን ለትውልዶች ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ሙያ በአንድ ትእዛዝ ተቋረጠ። እገዳው ብዙ ዓመት ሳይዘልቅ ቢሻርም በከተማዪቱ ትዝታ ውስጥ ዛሬም አለ።

ቻና የሚገኘው የፈላ ወተት በሎሚ ጭማቂ ወይም በቆየ አጓት እንዲቆራረጥ ተደርጎ፣ ውሃው በጨርቅ ከተጠለለ በኋላ ነው። ለኢትዮጵያ አንባቢ አይብን ያስታውሳል። ይሁን እንጂ አይብ ቅቤ ከወጣለት አሬራ ሲሠራ፣ ቻና የሚሠራው ቅቤው ካልወጣ ወተት ነው። ሙያው ያለው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቻናው እስኪለሰልስ በመዳፍ ይታሻል። በደንብ ካልታሸ ይፈረፈራል፤ ውሃው ከበዛ ደግሞ በፈላው የስኳር ሽሮፕ ውስጥ ይበተናል።

ይህን ችግር በመፍታት ስሙ የሚነሳው በኮልካታ ባግባዛር ሰፈር ሱቅ የነበረው ኖቢን ቻንድራ ዳስ ነው። እአአ በ1868 እንደ ስፖንጅ የሚለሰልሰውን ነጩን ሮሶጎላ ለገበያ እንዳቀረበ ይነገራል። ልጁ ክሪሽና ቻንድራ ዳስም ሙያውን ወርሶ የቤተሰቡን ስም ከከተማዪቱ ውጭ አስተዋውቋል።

ጎረቤት ግዛት ኦዲሻ ግን በዚህ ታሪክ አትስማማም። ሮሶጎላ በፑሪ ከተማ በሚገኘው የጃጋናት ቤተ መቅደስ ለላክሽሚ አምላክ ሲቀርብ የኖረ ነው ትላለች። ክርክሩ ለዓመታት ከዘለቀ በኋላ ምዕራብ ቤንጋል በ2017፣ ኦዲሻ ደግሞ በ2019 እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሮሶጎላ በምርቱ መገኛ ስም አስመዝግበዋል። መዝገቡ ሁለት ዓይነት ሮሶጎላ መኖሩን ተቀበለ እንጂ ማን ቀደመ ለሚለው ጥያቄ መልስ አልሰጠም።

ለብዙ የኮልካታ ነዋሪዎች ግን የጣፋጭ ቤት ችሎታ የሚለካው በሮሶጎላ ሳይሆን በሾንዴሽ ነው። ቻናው ከስኳር ጋር በለዘብተኛ እሳት ተማስሎ፣ በተቀረጸ የእንጨት ቅርጽ ማውጫ ይታተማል። ቃሉ “መልእክት” ማለት ሲሆን፣ የምሥራች ወደ ዘመድ ሲላክ አብሮት ጣፋጭ የመላክ ልማድ ነበር።

ክረምት ሲገባ፣ ማለትም ከኅዳር ገደማ ጀምሮ፣ ስኳሩ በ“ኖሌን ጉር” ይተካል። ገበሬዎች የዱር ተምር ዛፍ ግንድ ልጠው ሌሊቱን የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ በሸክላ ማሰሮ ያጠራቅማሉ። ፀሐይ ከሞቀ ስለሚቦካ ማለዳውን ተፍልቶ እንደ ማር ይወፍራል። ቅዝቃዜው ሲያበቃ ፈሳሹም ይቀንሳል፤ ቡናማው ሾንዴሽም እስከሚቀጥለው ክረምት ከሱቆቹ መደርደሪያ ይጠፋል።