ሬሳ ጠባቂዋ ሪጽፋና የሳኦል ቤት መቃብር



ስለ ቀብር ለእድርተኛ መጻፍ «ለቀባሪ አረዱት» እንዳይሆንብን ብንፈራም፣ በዘንድሮው መጽሔታችን ስሟ ብዙ ጊዜ የማይነሣ የአንዲት እናት ታሪክ ልናቀርብላችሁ ወደድን። ስለ ሣራ፣ ስለ ሩትና ስለ አስቴር ያልሰማ የለም። ስለ ሪጽፋ ግን ስንቶቻችን ሰምተናል? ታሪኳ በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 3 እና ምዕራፍ 21 ላይ በጥቂት ቁጥሮች ብቻ ይገኛል። የስሟም አጻጻፍ እንደ ትርጉሙ ይለያያል።

ሪጽፋ የአያ ልጅ ስትሆን የመጀመሪያው የእስራኤል ንጉሥ የሳኦል ቁባት ነበረች። ይህም ከክርስቶስ ልደት በፊት 1000 ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። አርሞኒና ሜምፊቦስቴ የሚባሉ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለደችለት። ይኸኛው ሜምፊቦስቴና እግሩ ሽባ የሆነው የዮናታን ልጅ ስማቸው አንድ ነው እንጂ ሰዎቹ ሁለት ናቸው። ሳኦል በጊልቦዓ ተራራ በጦርነት ከሞተ በኋላ ልጁ ኢያቡስቴ ነገሠ። እሱም የጦር አዛዡን አበኔርን በሪጽፋ ምክንያት ወቀሰው፤ አበኔርም ተቆጥቶ ወደ ዳዊት ዞረ። እንግዲህ የሳኦል ቤት ሲናጋ ስሟ በሁለት ወንዶች ጠብ መካከል ተነሥቷል። እሷ ምን አለች ቢባል ግን አንድም ቃል አልተጻፈላትም።

ከዚያ በዳዊት ዘመን ሦስት ዓመት በተከታታይ ረሀብ ሆነ። ምክንያቱ ሲጠየቅ፣ ሳኦል ገባዖናውያንን ስለ ገደለ ነው ተባለ። ገባዖናውያን ቀድሞ በኢያሱ ጊዜ እንዳይነኩ መሐላ የተገባላቸው፣ እንጨት ቆራጭና ውኃ ቀጂ ሆነው የሚኖሩ ሕዝቦች ነበሩ። ዳዊት ምን ልካሳችሁ ቢላቸው ብርም ወርቅም አንፈልግም፣ ከሳኦል ዘር ሰባት ወንዶች ስጡን አሉ። ዳዊት ለዮናታን ስለ ማለ የዮናታንን ልጅ አስቀረና የሪጽፋን ሁለት ልጆች፣ እንዲሁም የሳኦል ልጅ ሜሮብ የወለደቻቸውን አምስት ልጆች አሳልፎ ሰጠ። ሰባቱም በአንድ ቀን በጊብዓ በተራራው ላይ ተሰቀሉ። ጊዜው የገብስ መከር መጀመሪያ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 21 የተሰቀለ ሰው ሬሳ እንጨት ላይ እንዳያድር፣ በዚያው ቀን እንዲቀበር ታዟል። ሰባቱን ግን የቀበራቸው አልነበረም። ታዲያ ሪጽፋ ምን አደረገች? ማቅ ይዛ ወጣችና ድንጋዩ ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። ቀን የሰማይ ወፎች፣ ሌሊት የዱር አራዊት ሬሳቸውን እንዳይነኩ ስትከላከል ዝናብ እስኪዘንብ ድረስ ቆየች። በዚያ አገር ገብስ የሚታጨደው በሚያዝያ ገደማ ነው። በጋው ዝናብ የለሽ ነው፣ ዝናቡም የሚጀምረው በጥቅምት አካባቢ ነው። ያ ዝናብ በወቅቱ የመጣው ከሆነ እናትየው የተቀመጠችው ለወራት ነው ማለት ነው። ደግሞም የጠበቀችው የሷን ሁለት ልጆች ብቻ አልነበረም፤ አምስቱን የሜሮብን ልጆችም ጭምር ነው እንጂ። ለለቅሶዋ ድንኳን የተከለላት፣ አጠገቧም የተቀመጠ ለቀስተኛ በታሪኩ አልተጠቀሰም።

ወሬው ለዳዊት ደረሰ። ዳዊትም ተነሥቶ የሳኦልንና የዮናታንን ዐፅም ከኢያቢስ ገለዓድ ሰዎች ዘንድ አመጣ። የነዚህም ሰዎች ነገር ሊረሳ አይገባውም። ፍልስጥኤማውያን የሳኦልን ሬሳ በቤትሳን ቅጥር ላይ ሰቅለውት ሳለ፣ የኢያቢስ ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ተጉዘው አውርደውት፣ ዐፅሙን ዛፍ ሥር ቀብረው ሰባት ቀን ጾመው ነበር። ሳኦል ከአሞናዊው ከናዖስ አድኗቸው ስለነበር ውለታ መመለሳቸው ነው። ዳዊት ይህን ዐፅም ካመጣ በኋላ የተሰቀሉትም ዐፅም ተሰበሰበ፤ የሳኦልና የዮናታንም ዐፅም በብንያም አገር በጼላ፣ በሳኦል አባት በቂስ መቃብር ተቀበረ። እግዚአብሔር ስለ ምድሪቱ የተለመነው ከዚህ በኋላ መሆኑ ተጽፏል። ይኸውም ሰባቱ በተሰቀሉ ዕለት ሳይሆን ሙታኑ ክብራቸውን ባገኙ ጊዜ መሆኑ ነው።

እነዚህ ቦታዎች ተረት አይደሉም። ገባዖን ከኢየሩሳሌም ሰሜን ምዕራብ ያለችው ኤል ጂብ ናት። ፕሪቻርድ የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1956 ጀምረው ሲቆፍሩ የከተማይቱ ስም የተጻፈባቸው የእንስራ ጆሮዎችና ዐለት ተፈልፍሎ የተሠራ፣ 79 ደረጃዎች ያሉት ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ አግኝተዋል። ጊብዓ ነው ብለው ብዙዎች በሚያምኑበት በቴል ኤል ፉል ኮረብታ ላይ ደግሞ የዮርዳኖሱ ንጉሥ ሁሴን ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው በ1967 ጦርነት ምክንያት ሳያልቅ ቀርቷል።

የሳኦል ቤት ዘር በዮናታን ልጅ በኩል ቀጠለ። በዜና መዋዕል ቀዳማዊ ምዕራፍ 8 ትውልዱ በየስሙ ተቆጥሮ መጨረሻው ላይ ቀስተኞች የሆኑ 150 ልጆችና የልጅ ልጆች ይደርሳል። ከሪጽፋ ልጆች ግን አንድም ዘር አልተጠቀሰም። የሷ ውርስ መቃብሩ ነው። ንጉሡን ከነልጁ ወደ አባቱ መቃብር ያስገባችው እሷ ናት ብንል አላጋነንም።

እኛም አገር ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ሬሳ ጎዳና ላይ ተጥሎ ሲያድር፣ እናቶች እንዳያለቅሱ ሲከለከሉ ያየን ሰዎች አለን። የስንቱ ልጅ ዐፅም ከጅምላ ጉድጓድ የወጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የተከፈተውን የሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የጎበኘ ያውቀዋል። የዚያን ጊዜ እናቶች ሪጽፋ የተቀመጠችበትን ድንጋይ እንኳ አላገኙም።

እንግዲህ ወገኖቻችን፣ እድራችን ደንብ አለው፤ መዋጮ ያጓደለ ይቀጣል፣ ስሙም ይሰረዛል። ጸሐፊም ሆነ ዳኛ ደንቡን ማክበሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው በመጥፎ ስም ሲሞት ወይም ሳይከፍል ሲሞት «ይሄን ማን ይቀብረዋል» የሚል ቃል ከመካከላችን እንዳይወጣ አደራ እንላለን። ሒሳቡ ከሕያው ጋር ነው። ሬሳ ዕዳ የለበትም። ጡሩምባው ሲነፋ የማን ነው ብለን ሳንመርጥ እንውጣ፤ ድንጋይ ላይ ብቻዋን የምትቀመጥ እናት በሰፈራችን አትኑር።

ለሞቱት ዕረፍትን፣ ለቀሩት መጽናናትን ያድልልን።