የወፍ ቆሎ፦ ለቢራቢሮ ተብላ ዓለምን የዞረች አበባ

 

ዛሬ ስለ ማዳበሪያና ስለ ዘር አናወራም። ስለ አንዲት አበባ ታሪክ እናውራ። በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ «ይቺን ለአጥር ብንተክላት ምን ይመስልሃል? ቢራቢሮው አይለያትም፣ እሷም ድርቁን ትችላለች» ብላችሁ የምትጠይቁባት ናት። ከመመለሴ በፊት ታሪኳን ልንገራችሁ፤ ከሰማችሁ በኋላ መልሱን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

ስሟ በሳይንሱ ላንታና ካማራ ይባላል። በእኛ አገር ብዙ ሰው የወፍ ቆሎ ይላታል። ቅጠሏን በጣት ሲያሹት ኃይለኛ ሽታ አለው፣ ግንዷ ላይ ጥቃቅን እሾህ ይበቅላል። አበባዋ አንድ እቅፍ ሆኖ መሐሉ ቢጫ፣ ዙሪያው ብርቱካንማ ወይም ቀይ ነው። ፍሬዋ ሲበስል ጥቁር ሐምራዊ ይሆናል። ስሟን ያዙልኝ፤ ታሪኩ ሁሉ እዚያ ስም ውስጥ ነው ያለው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አገሯ ሞቃታማው አሜሪካ ነው፤ ከሜክሲኮ አንስቶ እስከ ደቡብ አሜሪካ። እዚያ ቢራቢሮዎች ይቀስሟታል፣ ሃሚንግበርድ የምትባል ትንሽ ወፍም ትጎበኛታለች። ሃሚንግበርድ ከአሜሪካ ምድር ውጪ የትም አትገኝም። ክንፏን በፍጥነት እያርገበገበች አየር ላይ ቆማ በረጅም ምንቃሯ የአበባ ማር ትጠጣለች። ከዝርያዎቿ ሁሉ ትንሿ በኩባ ያለችው ስትሆን ክብደቷ 2 ግራም ገደማ ብቻ ነው።

ታዲያ አበባዋ ለምን ሁለት ሦስት ቀለም ኖራት? ይህን በደንብ ያስተዋለው ብራዚል ውስጥ ይኖር የነበረ ፍሪትዝ ሙለር የሚባል ጀርመናዊ ነው። በ1877 እንደጻፈው እያንዳንዷ አበባ ሦስት ቀን ትቆያለች፤ በመጀመሪያው ቀን ቢጫ፣ በሁለተኛው ብርቱካንማ፣ በሦስተኛው ሐምራዊ ትሆናለች። ቢራቢሮዎቹን ሲከታተል ሐምራዊዎቹን ሲነኩ አላየም። አንዳንዶቹ ቢጫውንም ብርቱካንማውንም ይቀስማሉ፣ ሌሎቹ ግን የዕለቱን ቢጫ ብቻ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ያረጁት አበቦች ሳይረግፉ ሲቆዩ እቅፉ ከሩቅ ትልቅ ሆኖ ይታያል፤ ቢራቢሮው ቀርቦ ሲመጣ ደግሞ ቀለሙ «ማሩ ያለው እዚህ ነው» ይለዋል። የገበያ ምልክት በሉት።

ያ ውበት ግን ችግርም አመጣ። በ17ኛው መቶ ዘመን የሆላንድ መርከበኞች ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ ወሰዷት። የአውሮፓ አትክልተኞች በመስታወት ቤት ውስጥ እያሳደጉ አንዱን ዓይነት ከሌላው እያዳቀሉ በመቶ የሚቆጠሩ ዝርያዎችን አወጡ። ቀለሟ እንዲደምቅ፣ ብዙ ጊዜ እንድታብብ፣ እንድትጠነክር መረጧት። አስተውሉ፤ በየጫካው የምታስቸግረው ላንታና እግዜር ብቻ የሠራት አይደለችም፣ የሰው እጅም አለባት። በአውሮፓ ብርዱ ስለሚገድላት ማንም አልፈራትም። ከዚያ በየቅኝ ግዛቱ ለጌጥና ለአጥር ተላከች። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ህንድ ገባች፣ በ1841 አውስትራሊያ፣ በ1858 ደግሞ የሃዋይ ደሴቶች ደረሰች።

ሃዋይ የሆነውን ስሙ። እዚያ ከብት የሚያረቡ ሰዎች ሰፊ የግጦሽ መሬት ነበራቸው። ላንታና ከአጥሩ ወጥታ ግጦሹን ወረረች። ማን ወሰዳት? ወፎች ናቸው። እነሱም ቢሆኑ አብዛኞቹ ከሌላ አገር የገቡ ነበሩ። ፍሬዋን ይበላሉ፣ ዘሩ ሆዳቸው ውስጥ አይፈጭም፣ በሄዱበት ከኩሳቸው ጋር ይጥሉታል። ስለዚህ የሚበቅለው ወፍ በሚያርፍበት ቦታ ነው፦ ከዛፍ ሥር፣ ከአጥር ሥር፣ ከገደል አፋፍ። የእኛ ሰው «የወፍ ቆሎ» ሲላት መጽሐፍ ሳያነብ ነገሩን ጨርሶታል!

ሰዎቹ ቢቆርጧት አቆጠቆጠች፣ ቢያቃጥሏት ከሥሯ ተነሳች። በመጨረሻ በ1902 አልበርት ኮቤሌ የሚባል የነፍሳት ባለሙያ ወደ ትውልድ አገሯ ወደ ሜክሲኮ ሄዶ እዚያ የሚበሏትን ነፍሳት ፈለገ። አበባዋን፣ ዘሯንና ቅጠሏን የሚበሉ ብዙ ዓይነት ነፍሳት ወደ ሃዋይ ላከ፤ ከነሱም ስምንቱ ለምደው ቀሩ። አረምን በነፍሳት ለመቆጣጠር በዓለም ከተደረጉት ቀዳሚ ሙከራዎች አንዱ ይህ ነው። ደረቅ በሆኑ አንዳንድ ቦታዎች ቀነሰች፣ ግን አልጠፋችም። አውስትራሊያ ውስጥም ዛሬ ከ4 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ይዛለች። ለጌጥ የገባች አንዲት ቁጥቋጦ መሆኗን አትርሱ።

አሁን ወደ እኛው እንምጣ። በድሬዳዋ፣ በሐረርጌ ቆላማ አካባቢዎችና በሶማሌ ክልል ያላችሁ ታውቋታላችሁ፤ ግጦሽ ስትቀማ አይታችኋል። በሌላ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ገና በግቢና በመንገድ ዳር እንደ ጌጥ ነው የምታዩዋት። ሃዋይም በ1858 እንዲሁ ነበረች።

ትልቁ ነገር ከብታችሁ ነው። ቅጠሏ ለከብትና ለበግ መርዝ ነው፤ ጉበት ይጎዳል። አገሯን የለመደ ከብት ብዙውን ጊዜ ሽታዋን ሸሽቶ ያልፋታል። የሚበላት በድርቅ የራበው ወይም ከሌላ ቦታ አዲስ የመጣና የማያውቃት ነው። ምልክቱን ያዙ፦ ከብቱ መኖ ይተዋል፣ ይደርቅበታል፣ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ፀሐይ ሸሽቶ ጥላ ይፈልጋል፣ አፍንጫው አካባቢ፣ ጡቱና ነጭ ቆዳው ይቆስላል፣ ይላጣል። እንዲህ ካያችሁ ከብቱን ጥላ ውስጥ አስገቡ፣ ከተክሏ አርቁት፣ ሳትውሉ ሳታድሩ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። ልጆችም ያልበሰለውን አረንጓዴ ፍሬ እንዳይቀምሱ ንገሯቸው።

ግቢያችሁ ውስጥ ካለች ፍሬ ሳታፈራ ንቀሏት፤ ዝናብ መትቶ መሬቱ ሲለሰልስ ይቀላል። ቆርጦ መተው ዋጋ የለውም፣ ከነሥሯ መውጣት አለባት። የነቀላችሁበትን ቦታ ባዶ አትተዉት፣ ሣር ዝሩበት፤ ባዶ መሬት ካገኘች ትመለሳለች። በየጊዜው ከትልልቅ ዛፎች ሥር ዞር ዞር ብላችሁ እዩ፤ ችግኟ በአንድ እጅ በምትነቀልበት ጊዜ የግማሽ ደቂቃ ሥራ ናት።

«እሺ፣ ታዲያ ቢራቢሮና ወፍ ይቅርብን?» አትሉኝም? አይቅርባችሁ። እኛ ሃሚንግበርድ የለንም፣ ነገር ግን የአበባ ማር የሚጠጡ የራሳችን ወፎች አሉን። ምንቃራቸው ቀጭንና ወደ ታች ጎበጥ ያለ፣ ወንዱ በፀሐይ እንደ ብረት የሚያብለጨልጭ፤ ሁላችሁም አይታችኋቸዋል። እነሱ እንደ ሃሚንግበርድ አየር ላይ ቆመው ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ቅርንጫፍ ላይ አርፈው ነው የሚጠጡት። ስለዚህ ጠንካራ አገዳ ያለው አበባ ይወዳሉ። ራስ ክምር፣ አንዳንዱ የፈረስ ዘንግ የሚላት፣ ብርቱካንማ አበባዋ ለነሱ የተሰፋ ልብስ ነው። እሬትም እንዲሁ።

ለአጥር ከሆነ ቀጋ አለ፤ እሾሁ ከብት ያግዳል፣ ነጭ አበባውን ንብ ይቀስመዋል። ግራዋም አጥር ይሆናል፣ ቅጠሉ ለከብት መኖ ነው፣ አበባው ለንብ ማር ነው። ቀፎ ያላችሁ ይህን ከኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። በመስከረም ደግሞ አደይ አበባን በየድንበሩ ጥቂት ሳታርሙ ተዉላት፤ ዘር ሳትገዙ ራሷ ትመለሳለች።

ስለ ቢራቢሮ አንድ ነገር ልጨምር። ቢራቢሮ ማር ብቻ አይበቃውም፤ እንቁላል የሚጥልበት፣ ትሉም የሚበላው ቅጠል ይፈልጋል። በሎሚና በብርቱካን ቅጠል ላይ የወፍ ኩስ የሚመስል ትል አይታችኋል አይደል? እሱ አድጎ ትልቁ ጥቁርና ቢጫ ቢራቢሮ ይሆናል። ችግኝ ላይ ከሆነ በእጅ ልቀሙት፤ ትልቅ ዛፍ ላይ ከሆነ ግን ጥቂት ቅጠል ቢበላ ዛፉ አይሞትም፣ ተዉት።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምንይዘው አጭር ነው። አዲስ አበባ ወይም ዛፍ ከመትከላችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ አገሯ የት ነው? ፍሬዋን ማን ይበላል? ከብት ቢነካት ምን ይሆናል? የሆላንድ መርከበኞችም፣ የሃዋይ አትክልተኞችም የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ ታምራለች ወይ? እሷም በእርግጥ ታምር ነበር።

መልካም የሥራ ሳምንት!