ሻርፕቪል፦ ሰላማዊ ጥያቄ «የጸጥታ ሥጋት» ሲባል

ሰኞ መጋቢት 12 ቀን 1952 ዓ.ም ከጆሃንስበርግ በስተደቡብ በምትገኘው ሻርፕቪል በተባለች የጥቁሮች መኖሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ፖሊስ ጣቢያ አመሩ። የሄዱት እንዲታሰሩ ነበር። በሕግ የተገደዱበትን የይለፍ ደብተር ቤታቸው ትተው፣ መሣሪያ ሳይዙ፣ «ደብተር አልያዝንምና እሰሩን» ለማለት ነው የተሰበሰቡት። ከቀትር በኋላ ፖሊስ ተኩስ ከፈተ። መንግሥት ባመነው ቁጥር 69 ሰዎች ተገደሉ፤ 180 ያህሉ ቆሰሉ። ከሟቾቹ መካከል ሴቶችና ሕፃናት ይገኙበታል፤ ብዙዎቹ የተመቱት ከጀርባቸው ነበር።

ዕለቱ ዛሬ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የዘር መድልዎን የማስወገጃ ዓለም አቀፍ ቀን ሆኖ ይታሰባል። ከተኩሱ በፊትና በኋላ የወጡት ሕጎች ግን ከዕለቱ ያነሰ ይታወቃሉ። አንድ መንግሥት «የሀገር ደኅንነት» በሚል ስም ሰላማዊ ጥያቄን እንዴት ወደ ወንጀል እንደሚለውጥ የሚያሳዩት እነዚህ ሕጎች ናቸው።

የይለፍ ደብተሩ

ዕድሜው ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ጥቁር ደቡብ አፍሪካዊ የት እንደሚኖር፣ ለማን እንደሚሠራና ከተማ ውስጥ የመቆየት ፈቃድ እንዳለው የሚገልጽ ደብተር ዘወትር መያዝ ነበረበት። ከገጠር የመጣ ሰው ያለ ፈቃድ ከተማ ውስጥ ከ72 ሰዓት በላይ መቆየት አይችልም። ፖሊስ በመንገድ ላይ ሲጠይቀው ደብተሩን ያላሳየ ሰው ይታሰራል።

ይህን ሕግ በመቃወም ሰልፉን የጠራው በሮበርት ሶቡክዌ የሚመራው የፓን አፍሪካኒስት ኮንግረስ ነበር። ሶቡክዌ ዘመቻው ሰላማዊ እንደሚሆን አስቀድመው ለፖሊስ ኮሚሽነሩ በደብዳቤ አሳውቀዋል።

ትርጉሙ የሰፋ ሕግ

የአፓርታይድ መንግሥት በ1942 ዓ.ም ኮሙኒዝምን የሚያግድ ሕግ አውጥቶ ነበር። ሕጉ «ኮሙኒዝም» የሚለውን ቃል ሲተረጉም ሁከትን ወይም ሕግ መጣስን መንገዱ አድርጎ ፖለቲካዊ፣ ማኅበራዊ ወይም ኢኮኖሚያዊ ለውጥ ለማምጣት የሚደረግን ጥረት ሁሉ ጨመረበት። አድሏዊ ሕግን አልታዘዝም ማለትም ሕግ መጣስ ነውና በዚህ ትርጉም ውስጥ ገባ። በ1945 ዓ.ም ኔልሰን ማንዴላና ጓደኞቻቸው በሰላማዊ የእምቢተኝነት ዘመቻ ምክንያት በዚሁ ሕግ ጥፋተኛ ተባሉ። የፈረደባቸው ዳኛ እንኳ ጥፋቱ በተለምዶ ኮሙኒዝም ከሚባለው ጋር እንደማይገናኝና በሕጉ ትርጉም ብቻ ኮሙኒዝም እንደተባለ ተናግረዋል።

ከተኩሱ በኋላ የመጣው ዐዋጅ

ከሻርፕቪል ግድያ ዘጠኝ ቀን በኋላ፣ መጋቢት 21 ቀን፣ ፊሊፕ ክጎሳና የተባለ የ23 ዓመት ተማሪ የመራው 30 ሺህ ያህል ሕዝብ ወደ ኬፕታውን ከተማ በሰላም ተጓዘ። አንድ የፖሊስ አዛዥ ከሚኒስትሩ ጋር እንደሚያገናኘው ቃል ስለገባለት ወጣቱ ሕዝቡን ወደ ቤቱ መለሰ። በቀጠሮው ሰዓት ሲመጣ ግን ታሰረ። በዚያው ዕለት መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አወጀ።

ዐዋጁ እስከ ነሐሴ ወር ማብቂያ ድረስ ጸና፤ በእነዚህ ወራት 18 ሺህ ያህል ሰዎች ታስረዋል። መጋቢት 30 ቀን የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስና የፓን አፍሪካኒስት ኮንግረስ ታገዱ፤ እገዳው ለ30 ዓመት ያህል ቆየ። በ1953 ዓ.ም ደግሞ ፓርላማው ባለሥልጣናትንና ፖሊሶችን በወቅቱ ለፈጸሙት ድርጊት ከተጠያቂነት ነፃ የሚያደርግ ሕግ አጸደቀ። ሕጉ ወደ ኋላ ተመልሶ ከሻርፕቪል ዕለት ጀምሮ እንዲሠራ ተደረገ። ስለዚህ የሟች ቤተሰብ ካሳ የሚጠይቅበት በር ተዘጋ።

ለአንድ ሰው የተጻፈ አንቀጽ

ሶቡክዌ ሦስት ዓመት ተፈረደባቸው። ፍርዳቸውን ሊጨርሱ ሲቃረቡ፣ በ1955 ዓ.ም፣ ፓርላማው የፍትሕ ሚኒስትሩ አንድን እስረኛ ፍርዱን ከጨረሰ በኋላም ያለ ክስ እንዲያቆይ የሚፈቅድ አንቀጽ አወጣ። አንቀጹ በየዓመቱ ይታደስ ነበር፤ ሥራ ላይ የዋለውም በሶቡክዌ ላይ ብቻ በመሆኑ «የሶቡክዌ አንቀጽ» ተባለ። በሮበን ደሴት ከሌሎች እስረኞች ተነጥለው እስከ 1961 ዓ.ም ቆዩ።

ያው ሕግ ፖሊስ ማንንም ሰው ያለ ክስ ለ90 ቀን እንዲያስር ፈቀደ። በ1959 ዓ.ም የወጣው የሽብር ሕግ ደግሞ የጊዜ ገደቡን ጨርሶ አነሣው። ለአንድ ችግር ተብሎ የተሰጠው ሥልጣን ችግሩ ሲያልፍ አልተመለሰም፤ በየጊዜው እየሰፋ ሄደ።

ጸጥታው ግን አልመጣም። ሰላማዊው መንገድ እንደተዘጋ ያመኑት የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ መሪዎች የትጥቅ ክንፍ አቋቋሙ፤ ክንፉም ታኅሣሥ 7 ቀን 1954 ዓ.ም ሥራውን ጀመረ። ማንዴላ በ1954 ዓ.ም አዲስ አበባ መጥተው በአፍሪካውያን ጉባኤ ላይ ንግግር አደረጉ፤ በኋላም ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወሰዱ። የይለፍ ሕጉ የተሻረው በ1978 ዓ.ም ነው። የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን በበኩሉ በ1991 ዓ.ም ባቀረበው ዘገባ፣ በሻርፕቪል ፖሊስ ባልታጠቁ ሰዎች ላይ አላስፈላጊና ከመጠን ያለፈ ኃይል መጠቀሙን አረጋግጧል።

በሻርፕቪል የተፈረመው ሕገ መንግሥት

ታኅሣሥ 1 ቀን 1989 ዓ.ም ፕሬዚዳንት ማንዴላ አዲሱን ሕገ መንግሥት ለመፈረም የመረጡት ሻርፕቪልን ነው። ሕገ መንግሥቱ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ማወጅን አልከለከለም፤ ነገር ግን ገደብ አበጀለት። ዐዋጁ መጀመሪያ የሚጸናው ለ21 ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚያራዝመው ምክር ቤቱ ነው፤ እሱም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከሦስት ወር በላይ ማራዘም አይችልም። የታሳሪው ስምና የታሰረበት ቦታ በአምስት ቀን ውስጥ በመንግሥት ጋዜጣ ይወጣል። ፍርድ ቤት በ10 ቀን ውስጥ እስሩን ይመረምራል። የዐዋጁን ሕጋዊነትም ፍርድ ቤት ሊመዝን ይችላል።

በሀገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 ማንኛውም ሰው መሣሪያ ሳይዝ በሰላም የመሰብሰብ፣ ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግና አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው። አንቀጽ 93 ስለ አስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ይደነግጋል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሚያወጣው ዐዋጅ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ ይቀርብለታል። ዐዋጁ ከጸደቀ እስከ ስድስት ወር ሊቆይ ይችላል፤ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ደግሞ በየአራት ወሩ ሊታደስ ይችላል። ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ለሕዝብ ይፋ የማድረግ ግዴታ አለበት። ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 በዐዋጁ ጊዜም ቢሆን አይታገድም።

የደኅንነት ሕግ በሚወጣበት ጊዜ ሁሉ አንድ ገበሬም ሆነ የከተማ ነዋሪ ሊጠይቃቸው የሚገቡ አራት ነገሮች አሉ። ወንጀሉ በሕጉ ላይ እንዴት ተተርጉሟል? ሥልጣኑ መቼ ያበቃል? የታሰረ ሰው ስም መቼና የት ይነገራል? እስሩን የሚመረምረው ማን ነው? በ1952 ዓ.ም ሻርፕቪል ውስጥ ለእነዚህ ጥያቄዎች የሕዝቡን ወገን የሚጠብቅ መልስ አልነበረም።