የገጽ-ጉዞ ልዩነት፦ የአማተር ጎልፍ ተጫዋች ኳስ ወደ ቀኝ የሚጠመዘዝበት ምክንያት

በጎልፍ ሥልጠና ዓለም በተለይ ካለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ የተዘወተረው «ፌስ ቱ ፓዝ» የተሰኘ ቃል፣ ዱላው ኳሱን በሚነካበት ቅጽበት የመምቻ ገጹ ያነጣጠረበት አቅጣጫና የዱላው ራስ የሚጓዝበት አቅጣጫ በመካከላቸው የሚፈጥሩትን አግድም ማዕዘን ያመለክታል። በዚህ ጽሑፍ ቃሉ «የገጽ-ጉዞ ልዩነት» ተብሎ ተተርጉሟል። መለኪያው ዲግሪ ሲሆን፣ በቀኝ እጁ ለሚጫወት ሰው ገጹ ከጉዞው ወደ ቀኝ ሲያፈነግጥ ልዩነቱ በመደመር፣ ወደ ግራ ሲያፈነግጥ ደግሞ በመቀነስ ምልክት ይጻፋል፤ ግራኝ ተጫዋች ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ገልብጦ ማንበብ ይኖርበታል።

በትርጉሙ ውስጥ «ገጽ» የተመረጠው «ፊት» ቢባል «ወደ ፊት» ከሚለው የአቅጣጫ አነጋገር ጋር ስለሚምታታ ነው። «መስመር» የሚለው ቃልም ከኳሱ ተነሥቶ እስከ ዒላማው በሐሳብ ለሚሰመረው የዒላማ መስመር ስለሚያስፈልግ፣ የዱላው ራስ እንቅስቃሴ «ጉዞ» ተብሏል። «ማዕዘን» ከማለት ይልቅ «ልዩነት» መባሉ ግን ከአጠራር ምርጫ ያለፈ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም የጽንሰ ሐሳቡ ፍሬ ነገር ከሁለት ቁጥሮች አንዱ ከሌላው ሲቀነስ በሚገኘው ውጤት ላይ የቆመ በመሆኑ፣ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ተጫዋች ስለ ኳሱ ጥምዘት ምንም ሊናገር አይችልም።

ይህን በምሳሌ ማየት ይቻላል። የአንድ ተጫዋች ዱላ ከዒላማው መስመር 6 ዲግሪ ወደ ግራ እየተጓዘ፣ ገጹ ደግሞ 2 ዲግሪ ወደ ግራ ዞሮ ኳሱን ቢያገኘው፣ ገጹ ከዒላማው አንጻር «የተዘጋ» ቢመስልም ከጉዞው አንጻር ግን 4 ዲግሪ የተከፈተ ነው፤ ኳሱም ከዒላማው ትንሽ ወደ ግራ ተነሥቶ አየር ላይ ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል። ይህ ጥምዘት ሲበዛ ተጫዋቾች «ስላይስ» የሚሉት ሲሆን፣ የጀማሪውንና የአማተሩን ጨዋታ ከሁሉም በላይ የሚያበላሽ ስሕተት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአንጻሩ የሌላ ተጫዋች ዱላ 4 ዲግሪ ወደ ቀኝ እየተጓዘ ገጹ 2 ዲግሪ ወደ ቀኝ ቢያይ፣ ገጹ ከዒላማው አንጻር ክፍት ሆኖ ሳለ ከጉዞው አንጻር 2 ዲግሪ ተዘግቷልና፣ ኳሱ ከዒላማው ወደ ቀኝ ተነሥቶ ወደ ግራ ይመለሳል። ስለዚህ «ገጹ ተከፍቶብሃል» የሚለው የሜዳ ላይ ምክር፣ ከምን አንጻር እንደተከፈተ ካልተነገረ በስተቀር፣ ትክክል ሊሆንም ስሕተት ሊሆንም የሚችል ግማሽ ምክር ሆኖ ይቀራል።

ኳሱ የሚነሣበት አቅጣጫና የሚጠመዘዝበት አቅጣጫ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን መለየት እዚህ ላይ አስፈላጊ ነው። ለረጅም ጊዜ በመማሪያ መጻሕፍት ሲሰጥ የኖረው ትምህርት ኳሱ በዱላው ጉዞ አቅጣጫ ተነሥቶ ገጹ ወዳነጣጠረበት ይጠመዘዛል የሚል ነበር። የፊዚክስ ሊቁ ቴዎዶር ጆርገንሰን በ1993 ባሳተሙት የጎልፍ ፊዚክስ መጽሐፍ የገጹንና የጉዞውን አቅጣጫ በአንድ ጠለል ላይ አድርገው የኳሱን በረራ ያብራሩ ሲሆን፣ በ2003 በዴንማርክ የተቋቋመው ትራክማን የተባለው ኩባንያ ያወጣው ራዳር የዱላውንና የኳሱን እንቅስቃሴ እየለካ ማሳየት ከጀመረ በኋላ ደግሞ የቀድሞው ትምህርት መስተካከል እንዳለበት በሥልጠና ሜዳ ላይ ጭምር ግልጽ ሆነ። ኳሱ የሚነሣው በአብዛኛው ገጹ ወዳነጣጠረበት አቅጣጫ ተጠግቶ ነው፤ ድራይቨር በተባለው ረጅም ዱላ ሲመታ የገጹ ድርሻ ከአምስት እጅ አራት እጅ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን፣ አይረን በሚባሉት ዱላዎች በመጠኑ ዝቅ ይላል። ከዚያ በኋላ ኳሱ ወዴትና ምን ያህል እንደሚጠመዘዝ በዋነኛነት የሚወስነው የገጽ-ጉዞ ልዩነት ነው።

ጥምዘቱ ራሱ የሚመጣው ከኳሱ ሽክርክሪት ነው። የሚሽከረከር ኳስ በአየር ላይ አቅጣጫውን እንደሚለውጥ ኒውተን በ1672 በጻፈው ደብዳቤ የቴኒስ ኳስን ምሳሌ አድርጎ ጠቅሶት የነበረ ሲሆን፣ ክስተቱ ዛሬ የሚጠራው በ1852 ባጠናው በጀርመናዊው ጉስታቭ ማግኑስ ስም ነው። የጎልፍን ኳስ በተለይ የመረመሩት የኤድንብራው ፕሮፌሰር ፒተር ጋትሪ ቴት ሲሆኑ፣ ልጃቸው ፍሬዲ ቴት በ1896 እና በ1898 የብሪታንያ የአማተሮች ሻምፒዮን ስለነበር ጥናቱ ከቤተ ሙከራ አልፎ የቤተሰብ ጉዳይም ሳይሆን አልቀረም። ማንኛውም ጥሩ ምት ኳሱን ወደ ኋላ ያሽከረክረዋል፤ የገጽ-ጉዞ ልዩነት ሲኖር ግን የሽክርክሪቱ ዘንግ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፣ ኳሱን ወደ ላይ ይደግፍ የነበረው የአየር ግፊትም ወደ ጎን መግፋት ይጀምራል።

ዱላውና ኳሱ ተገናኝተው የሚቆዩት የሰከንድ አንድ ሁለት-ሺሕኛ ለሚያህል ጊዜ ብቻ በመሆኑ፣ በዚያ ቅጽበት እጅ ምንም ዓይነት እርማት ሊያደርግ አይችልም። የሚታረመው ከምቱ በፊት ያለው አያያዝ፣ አቋምና የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል ነው።

አብዛኛው አማተር የሚሳሳተውም በዚህ ላይ ነው። ኳሱ ደጋግሞ ወደ ቀኝ ሲወጣበት፣ የቸገረው ተጫዋች ከዒላማው ወደ ግራ ማነጣጠርን መፍትሔ ያደርገዋል፤ ትከሻውና እግሩ ወደ ግራ ሲዞሩ ዱላው ይበልጥ ወደ ግራ መጓዝ ይጀምራል፣ ገጹ ግን ኳሱን ወደ ሜዳው ለመመለስ በሚጥሩት እጆች ምክንያት ከጉዞው ጋር እኩል አይዞርም። ቀድሞ ጉዞው 4 ዲግሪ ወደ ግራ፣ ገጹ 1 ዲግሪ ወደ ቀኝ የነበረ፣ ልዩነቱም 5 ዲግሪ የነበረ ተጫዋች ከዚህ «እርማት» በኋላ ጉዞው 10 ዲግሪ ወደ ግራ፣ ገጹ 1 ዲግሪ ወደ ግራ ቢሆን ልዩነቱ ወደ 9 ዲግሪ ያድጋል፤ ጥምዘቱን ለማካካስ የተወሰደው እርምጃ ጥምዘቱን ሊያጠፋ ቀርቶ እጥፍ ሊያደርገው ይቃረባል። ዱላው ከላይ ሲወርድ በቀኝ ትከሻ ተገፍቶ ወደ ውጭ ወጥቶ ኳሱን ቁልቁል አቋርጦ የሚመታበት፣ ተጫዋቾች «ኦቨር ዘ ቶፕ» የሚሉት እንቅስቃሴ በብዙዎች ላይ ሥር የሚሰደውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ይህን እንቅስቃሴ የበሽታው መነሻ አድርጎ መቁጠር የተለመደ ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ለተከፈተ ገጽ አካል የሰጠው ምላሽ ነው።

እንግሊዛዊው ጆን ጃኮብስ፣ በ1979 እና በ1981 የአውሮፓን የራይደር ካፕ ቡድን በአለቃነት የመሩትና «ፕራክቲካል ጎልፍ» የተሰኘውን መጽሐፍ በ1972 ያሳተሙት ታዋቂ አሠልጣኝ፣ የተጫዋቹን አካል ከማየታቸው በፊት የኳሱን በረራ ያነቡ የነበረውም የኳሱ በረራ የዱላውን ሁኔታ ሳያዛባ ስለሚናገር ነው። ከዚህ አስተሳሰብ የሚወጣው ተግባራዊ መመሪያ፣ መጀመሪያ ገጹን ከዚያ በኋላ ጉዞውን ማረም ነው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥና ገጹ ክፍት እንደሆነ ጉዞው ብቻ ቢታረም፣ ኳሱ ወደ ቀኝ ተነሥቶ ወደ ባሰ ቀኝ ስለሚጠመዘዝ፣ ማንኛውም ጤነኛ ሰው በሁለት በሦስት ምት ውስጥ ወደ ቀድሞው ግራ አወራረዱ ይመለሳል። ገጹ ቀድሞ ሲታረም ግን ያልተለወጠው ጉዞ ኳሱን ቀጥ አድርጎ ወደ ግራ ይወስደዋል፤ ይህ ውጤት ለጊዜው ደስ ባያሰኝም፣ ኳሱ ወደ ግራ መሄዱን ያየ አካል ያለ ብዙ ምክር ጉዞውን ወደ ቀኝ መግፋት ይጀምራል።

ገጹን ለማረም የመጀመሪያው ቦታ አያያዝ ነው። ተጫዋቹ ዱላውን ይዞ ወደ ታች ሲመለከት ከግራ እጁ ጀርባ ቢያንስ ሁለት የጣት አንጓዎች መታየት ያለባቸው ሲሆን፣ በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ መካከል የሚሠራው ሾጣጣ ቅርጽ ወደ ቀኝ ትከሻው ማመልከት ይኖርበታል፤ ወደ አገጩ ወይም ወደ ግራ ትከሻው የሚያመለክት ከሆነ እጁ በምቱ ሰዓት ወደ ተፈጥሯዊ አቋሙ ሲመለስ ገጹን ይከፍተዋል። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ማጭበርበር አለ፦ ተጫዋቹ እጁን በማዞር ፈንታ ዱላውን ከነእጁ ያዞርና አያያዙን የለወጠ ይመስለዋል። ገጹ በትክክል ወደ ዒላማው እያየ በመሬት ላይ ከተቀመጠ በኋላ እጁ ብቻ መለወጥ አለበት። ከዚህ ቀጥሎ መታየት ያለበት ዱላው ከላይ ሲደርስ የግራ እጅ አንጓ ነው፤ አንጓው ወደ ጀርባው ከተቀለበሰ ገጹ ይከፈታል፣ ከክንዱ ጋር ዝርግ ሲሆን ግን ይዘጋል። ዱላውን ከልክ በላይ ጨብጦ መያዝም ክንዱ እንዳይዞር ስለሚያደርግ ገጹን ክፍት ያስቀረዋል።

ጉዞውን ለማረም ደግሞ ብዙ ዘዴ አያስፈልግም። በድራይቨር ሲመታ ኳሱ ከግራ ተረከዝ ትይዩ ሆኖ ከዚያ በላይ ወደ ፊት እንዳይወጣ ማድረግ፣ ትከሻ ከዒላማው መስመር ጋር ትይዩ መሆኑን በመሬት ላይ በተዘረጋ በትር ማረጋገጥ፣ እንዲሁም ከኳሱ ውጭ በኩል የዱላ ሽፋን አስቀምጦ ሽፋኑን ሳይነኩ በግማሽ ኃይል መምታት ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው።

ራዳር የሌለው ተጫዋች ልዩነቱን በግምት ለማወቅ በአጭርና በረጅም ዱላ የሚመታቸውን ኳሶች ማነጻጸር ይችላል። በአጭር አይረን ቀጥ ብሎ ወደ ግራ የሚሄድ፣ በድራይቨር ግን ወደ ቀኝ የሚጠመዘዝ ኳስ ያለው ሰው ጉዞው ወደ ግራ ያደላ ለመሆኑ ጠንካራ ምልክት አለው። አጭሩ ዱላ ገጹ ወደ ኋላ በጣም የተጋደለ በመሆኑ ብዙ የኋሊት ሽክርክሪት ይሰጣል፣ ያም የዘንጉን ማጋደል ያሳንሰዋል፤ የድራይቨር ገጽ ግን ቀጥ ያለ ስለሆነ ያው ልዩነት የሽክርክሪቱን ዘንግ በብዙ ያጋድለዋል።

ልዩነቱን ዜሮ ማድረግ ግብ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ቤን ሆገንና ሊ ትሬቪኖን የመሳሰሉ ታላላቅ ተጫዋቾች ኳሱን በጥቂቱ ወደ ቀኝ እያጠመዘዙ በመጫወት ይታወቃሉ፤ ከስላይስ የሚለየው አነስተኛ መሆኑና በየምቱ አለመለዋወጡ ነው። አንድ ዲግሪ ወይም ሁለት ዲግሪ ልዩነት ደጋግሞ የሚያስመዘግብ አማተር፣ ዜሮን ሲያሳድድ በአንዱ ምት ወደ ቀኝ በሌላው ወደ ግራ ከሚበተንበት ይሻላል።

ጽንሰ ሐሳቡ የሚሠራው ኳሱ በገጹ መሃል ሲመታ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። በድራይቨር ከገጹ መሃል ውጭ የተመታ ኳስ የዱላውን ራስ ስለሚያዞረው፣ በጫፉ በኩል የተመታ ኳስ ወደ ግራ፣ በተረከዙ በኩል የተመታ ደግሞ ወደ ቀኝ የሚያጠመዝዝ ተጨማሪ ሽክርክሪት ያገኛል። ስለዚህ በገጹ ላይ ጠመኔ ቀብቶ ኳሱ የት እንዳረፈ ማየት አያያዝን ከመለወጥ መቅደም ይኖርበታል። የአየሩ ሁኔታም ልዩነት ያመጣል፦ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በግምት አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ አንድ ዓይነት ሽክርክሪት ያለው ኳስ ይርቃል፣ ግን ያነሰ ይጠመዘዛል፤ በከተማዋ ለምዶ በዱባይ ወይም በሌላ የጠረፍ ከተማ የሚጫወት ሰው ስላይሱ በድንገት ቢብስበት፣ አያያዙን ከመነካካቱ በፊት የገጽ-ጉዞ ልዩነቱን በመሣሪያ ማስለካት ያዋጣዋል።