የባልደረባ የማምሸት ልማድና የሠራተኞች የዕረፍት መብት

በቤንች ሸኮና በሸካ ዞኖች የቡና ለቀማ ወቅት ሲደርስ የሥራ ሰዓት ይረዝማል። የታጠበ ቡና የሚዘጋጅበት ቀይ እሸት በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል ስላለበት፣ በሚዛን አማን፣ በቴፒና በበበቃ አካባቢ የሚካሄደው ሥራ እስከ ሌሊት ሊዘልቅ ይችላል። ይህ በሥራው ጠባይ የሚመጣ ነው። እስከ ነገ ሊቆይ የሚችል ምዝገባና ሪፖርት በአንድ ባልደረባ ልማድ ምክንያት ወደ ማታ ሲዛወር ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

የአንዱ ልማድ በሌላው ላይ የሚያሳድረው ጫና

አንድ ሠራተኛ ሳይታዘዝ ዘወትር ሲያመሽ ወይም ስለ ሥራ ማታ ማታ ሲደውል፣ በሰዓቱ የሚወጣው ባልደረባ እንደ ሰነፍ እንዳይቆጠር ይሰጋል። ቤቱ ገብቶም ሐሳቡ ከሥራ አይላቀቅም። ያላረፈ ሠራተኛ በማግስቱ በሚዛንና በደረጃ ምደባ ላይ ለስሕተት ይጋለጣል፤ ለችግር አዲስ መላ የመፈለግ አቅሙም ይዳከማል።

በሕግ የተደነገገው

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፦

• መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም።
• የትርፍ ሰዓት ሥራ የሚሠራው በአዋጁ በተዘረዘሩ ሁኔታዎችና በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ ብቻ ነው፤ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም።
• አሠሪው ትእዛዙንና የተሠራውን ሰዓት የመመዝገብ ግዴታ አለበት።
• ለመደበኛ ሥራ በሰዓት የሚከፈለው ደመወዝ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል።
• ነፍሰ ጡር ሠራተኛን በትርፍ ሰዓት ማሠራት የተከለከለ ነው።

አዋጁ የሥራ መሪዎችንና የመንግሥት ሠራተኞችን አይመለከትም።

ሠራተኛው ምን ያድርግ?

በቅድሚያ ከባልደረቦች ጋር በመነጋገር፣ አስቸኳይ ካልሆነ በስተቀር ማታ ላለመደዋወል መስማማት ይጠቅማል። ማምሸት የግድ ከሆነ ትእዛዙ በግልጽ እንዲሰጥና ሰዓቱ እንዲመዘገብ መጠየቅ ይገባል፤ ያለ ትእዛዝና ያለ መዝገብ የተሠራን ሰዓት በክርክር ጊዜ ማስረዳት ያስቸግራልና። ጫናው ካልቆመ ለሠራተኛ ማኅበር ወይም በአቅራቢያ ለሚገኝ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይቻላል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ ግን ክፍያው ሊፈጸም ይገባ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።