ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ እና አንገት

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የተጓዘ ሰው ጣርማበርን ያውቃታል። ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነስቶ አስፋልቱን ይሸፍነዋል። ከፊት ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና በአንደኛ ማርሽ ያቃስታል። ከኋላው አይሱዙ፣ ከአይሱዙው ኋላ ዶልፊን፣ ከዶልፊኑ ኋላ አውቶቡስ ተኮልኩለዋል። ከመካከላቸው የአንዱ ሾፌር ትዕግሥት ያልቅና ወደ ግራ ብቅ ይላል። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አስግጎ «ባዶ ነው፣ ግባ!» ይላል።

በዚያች ቅጽበት ተሳፋሪው ሁሉ ነፍሱን ለአንድ ሰው ዓይን አደራ ሰጥቷል።

ይህች ቅጽበት ረጅም ታሪክ አላት።

የሰሜን ሸዋ መንገዶች ስማቸው «በር» ነው። አንኮበር፣ ጣርማበር። በር ማለት ደጋው ከቆላው የሚገናኝበት ጠባብ መግቢያ ነው፤ በበር ደግሞ ሁለት ሰው እኩል አይገባም፤ አንዱ ይቆማል። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ ከታጁራ የተነሳው በግመል ነበር። ግመል ግን የአንኮበርን አቀበት አይችልም። ጭነቱ ከቆላው ጫፍ በሰው ትከሻና በአጋሰስ ወደ ደጋው ወጣ። እንዲህ ባለ መንገድ የሚቸኩል ሰው የሚገፋው ሌላውን ብቻ አይደለም፤ ራሱም ገደሉ አጠገብ ነው።

የመጀመሪያው አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ ሲመጣ በአገሩ የሚቀድመውም የሚቀደመውም እርሱ ብቻ ነበር። ስለ መቅደም ሕግ ያሳሰበው ሰው ቢኖር ያስቅ ነበር። ነገሩ የተለወጠው መኪና በሰልፍ የመጣ ዕለት ነው።

ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. የማርሻል ባዶሊዮ ጦር ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪ አሰልፎ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተንቀሳቀሰ። ጣርማበር ሲደርስ ኢትዮጵያውያን መንገዱን አፍርሰውት ጠበቁት። ያ ሁሉ ሞተር በአንድ ጠባብ በር ፊት ቆመ። መንገዱን ጠግኖ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ጣሊያን ተራራውን ሰርስሮ ዛሬ ሕዝቡ «የሙሶሊኒ ዋሻ» የሚለውን ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም መተላለፊያ ሠራ።

ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ወጣ። ቃላቱ ግን ቀሩ። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ክላክስ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ። ልብ ብሎ ላየው አንድ ሾፌር ሌላውን ለመቅደም የሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ የጣሊያን ስም አለው። ስፖኪዮ መስታወት ማለት ነው፤ ፍሬቻ ደግሞ ቀስት። ዕቃው ከነስሙ ገባ።

የዚያ ዘመን የጣሊያን ከባድ መኪኖች አንድ የሚገርም ጠባይ ነበራቸው። በጣሊያን የሚነዳው በመንገዱ ቀኝ ነው፤ የብዙዎቹ ከባድ መኪኖች መሪም ግን በቀኝ በኩል ነበር። «ትሬንታ ኳትሮ» የተባለው ፊያትም ከእነዚሁ አንዱ ነው። ምክንያቱ ተራራ ነው። ሾፌሩ ከገደሉ ጫፍ በኩል ተቀምጦ ጎማው የሚረግጠውን እንዲያይ ነው። ገደሉን አየ፤ ከፊቱ ካለው መኪና አልፎ የሚመጣውን ግን ማየት አልቻለም። ለመቅደም ሲፈልግ ግማሽ መኪናውን አውጥቶ ወይም በግራ የተቀመጠውን ረዳት ጠይቆ ነው። የዛሬው «ባዶ ነው፣ ግባ!» ዘመድ እዚህ አለ። መሪ የትም ይቀመጥ የት፣ የሚያሳየው ነገር እንዳለ ሁሉ የሚሰውረውም አለ።

ከዚያ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. መጣ። እስከዚያ ቀን ድረስ በግራ ይነዳ የነበረው የኢትዮጵያ ሾፌር ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀኝ እንዲነዳ ታዘዘ። አዋጅ የመንገዱን ወገን በአንድ ቀን ይለውጣል። መሪ ግን በአዋጅ ከቦታው አይነሳም። ለግራ መንገድ የተሠራ መኪና በቀኝ መንገድ ሲሄድ ሾፌሩ ከመሐል መስመሩ ርቆ ከቦዩ አጠገብ ይቀመጣል፤ የሚቀድመውን መኪና አልፎ ማየት ይሳነዋል።

ስዊድን ተመሳሳዩን ለውጥ ከኢትዮጵያ ሦስት ዓመት በኋላ በ1967 እ.ኤ.አ. አደረገች። ከምክንያቶቿ አንዱ ይኸው የመቅደም ጣጣ ነበር። መንገዱ ግራ፣ የአብዛኞቹ መኪኖች መሪም ግራ ስለነበር በጠባብ መንገድ ለመቅደም የወጣ ሾፌር ከፊት ከሚመጣው ጋር ይጋጭ ነበር። ከለውጡ በኋላ አደጋው ለጊዜው ቀነሰ። ሁሉም ፈርቶ፣ ግራ ቀኙን አይቶ ይነዳ ነበርና። ሲለምደው ግን በሁለት ዓመት ውስጥ አደጋው ወደ ነበረበት ተመለሰ። አደጋውን የቀነሰው የተለወጠው ወገን ሳይሆን የሾፌሩ ጥንቃቄ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ጣርማበር እንመለስና ሒሳቡን እንሥራ። ከፊት ያለው ባለ ተሳቢ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። የሚቀድመው አውቶቡስ 70 ይሄዳል። የተሳቢው ርዝመት 18 ሜትር፣ የአውቶቡሱ 12፣ ከመውጣት በፊትና ከመግባት በኋላ የሚያስፈልገው ርቀት 15፣ 15 ሜትር ነው። ድምሩ 60 ሜትር። የፍጥነት ልዩነቱ 20 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ለመጨረስ ወደ 11 ሰከንድ ይፈጃል። በነዚያ ሰከንዶች አውቶቡሱ ከ200 ሜትር በላይ ይጓዛል። ከፊት የሚመጣውም በ70 ከሆነ ያንኑ ያህል ይጓዛል። ስለዚህ ከ400 ሜትር በላይ ጥርት ብሎ የሚታይ ባዶ መንገድ ያስፈልጋል። በጣርማበር ኩርባ፣ ያውም በጉም፣ 400 ሜትር የሚታየው የት ላይ ነው?

ኩርባ ብቻ ነው ችግሩ የሚል ካለ ከሰንዳፋ በአለልቱ፣ በሸኖና በጫጫ አድርጎ ደብረ ብርሃን የሚገባውን መንገድ ይመልከት። መንገዱ አብዛኛው ሜዳ ነው፤ ሩቅ ያሳያል። እዚያ የሚገድለው ሌላ ነው፤ ስፖኪዮ የማያሳየው ቦታ። ስፖኪዮ ከጎን ካለው ዓለም ቆርሶ የሚያሳየው ጥቂቱን ነው። ከኋላ በር አጠገብ የደረሰ ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክል ከኋላ መስታወት ወጥቷል፣ ወደ ጎን ዕይታ ግን ገና አልገባም። በከባድ መኪና ደግሞ ይባስ፤ ከጋቢናው በስተቀኝ፣ ከአፍንጫው ሥርና ከተሳቢው ኋላ ያለ ሁሉ ለሾፌሩ የለም። ፍሬቻ ሳያበራ፣ ወይም አብርቶም ሳያይ መስመር የሚቀይር ሾፌር የሚጠልፈው እነዚህን የማይታዩትን ነው። ጋሪ ነጂውን፣ ባለ ባጃጁን፣ ከገበያ የሚመለሰውን።

ብዙ ሰው ፍሬቻን እንደ ፈቃድ ይቆጥረዋል። «አብርቻለሁ እኮ!» ይላል ከግጭቱ በኋላ። ፍሬቻ ግን ልመና ነው። መልሱን የሚሰጠው ከጎን ያለው ነው፤ መልሱን ለማየት ደግሞ አንገት መዞር አለበት። ትከሻን አልፎ አንዴ መገልመጥ አንድ ሰከንድ አይፈጅም።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። በኩርባ፣ በዳገት ጫፍና በዋሻ መቅደም ክልክል መሆኑን ያልተማረ መንጃ ፈቃድ የያዘ ሰው የለም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ጥፋቱን በእርከን ከፍሎ ቅጣት ደንግጎ ነበር። ሕዝቡም ቅጣት አልነፈገም፤ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር»፣ አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ ሰይሟል። ስሙ ግን ብረቱን ይከሳል እንጂ ሾፌሩን አይነካም። ደርሶ መልስ የሚያስቆጥረውን ባለ ንብረት፣ «ምን ያዘግምብናል፣ ቅደመው እንጂ!» የሚለውን ተሳፋሪም አይነካም። ሾፌሩን ከኋላ የሚገፋው ከመኪናው ሞተር ይልቅ ይህ ጉትጎታ ነው።

እንግዲህ በመቶ ዓመት ውስጥ ይህ መንገድ ብዙ ነገር ተለውጦለታል። አጋሰሱ በመኪና ተተክቷል፣ ተራራው ተሰርስሯል፣ ግራው ቀኝ ሆኗል፣ አስፋልቱ ጠቁሯል። ያልተለወጠው በር መሆኑ ነው። አዋጅ የመንገድን ወገን ይለውጣል እንጂ የሾፌርን አንገት አያዞርም። ያንን የሚያደርገው ሾፌሩ ነው፤ ተሳፋሪውም «ቅደመው» ከማለት «ቆይ፣ ይታይ» ማለትን ቢለምድ ያግዘዋል።

አንኮበር የሚወጣው ነጋዴ በር ላይ የቆመው ፈሪ ስለነበረ አይደለም። ከወዲያ ማን እንደሚመጣ ስላላየ ነው።

መንገዳችሁ የቀና ይሁን።