ሃያ ሰባቱ ሜትር፤ የሮቤርቶ ክሌሜንቴ ትጋትና አመራር

በቤዝቦል ጨዋታ መቺው ከሚቆምበት ስፍራ አንሥቶ እስከ አንደኛው ቤዝ ያለው ርቀት 90 ጫማ፣ ማለትም ከ27 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። ጨዋታው በአገራችን እምብዛም ስለማይዘወተር አንዳንድ ማብራሪያ ሳያስፈልግ አይቀርም። መቺው የተወረወረለትን ኳስ በዱላ ከመታ በኋላ ወደ አንደኛው ቤዝ ይሮጣል። ኳሱ መሬት ነክቶ በተከላካዮች እጅ ከገባና ከሯጩ ቀድሞ ቤዙ ላይ ከደረሰ፣ በልጅነት ጨዋታችን ቋንቋ፣ መቺው «ተቃጠለ» ማለት ነው። ከአንድ ቡድን ሦስት ሰዎች ሲቃጠሉ የመምታቱ ተራ ለተቃራኒው ይተላለፋል፤ ጨዋታውም በዚህ ዓይነት ዘጠኝ ዙር ይዘልቃል። ታዲያ በደካማው የተመታ ኳስ እየተንከባለለ ወደ ወርዋሪው እጅ ሲመለስ የመቺው መቃጠል የተረጋገጠ ያህል ስለሚቆጠር፣ አንዳንድ ስመ ጥር ተጫዋቾች እንኳ ጥቂት ሶምሶማ ብለው ወደ መቀመጫቸው ይመለሳሉ። በዚህም ብዙ የሚወቅሳቸው የለም።

ፖርቶ ሪኮአዊው ሮቤርቶ ክሌሜንቴ ግን ለፒትስበርግ ፓይሬትስ ቡድን በተሰለፈባቸው 18 የውድድር ዘመናት፣ ከ1955 እስከ 1972 ድረስ፣ ይህችን አጭር መንገድ እጅና እግሩን እያወናጨፈ በሙሉ ኃይሉ በመሮጥ የታወቀ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እንዲህ ያለው ሩጫ አብዛኛውን ጊዜ ፍሬ አይሰጥም። ሁለት ጊዜ ግን የሻምፒዮናን ዋንጫ ለመወሰን በቅቷል።

ክሌሜንቴ ኦገስት 18 ቀን 1934 ካሮሊና በምትባል የፖርቶ ሪኮ ከተማ ተወለደ። አባቱ የሸንኮራ አገዳ እርሻ የሠራተኞች አለቃ ነበሩ። ወደ ፒትስበርግ ሲመጣ ቡድኑ በተከታታይ ዓመታት ከደረጃው ግርጌ የተኛ ቡድን ነበር። ወጣቱ እንግሊዝኛ አጥርቶ አይናገርም፤ ጥቁር ነው፤ ከዚህም በላይ በ1954 መጨረሻ በደረሰበት የመኪና አደጋ ጀርባውን ተጎድቶ ስለነበር ሕመሙ በየጊዜው ያገረሽበታል። ጋዜጠኞቹም ሮቤርቶ የተባለውን ሰው ሳያስፈቅዱ «ቦብ» አሉት፤ አነጋገሩንም ከነስብራቱ እየጻፉ አሳቁበት። ታመምሁ ሲል ደግሞ አስመሳይ ነው አሉት። ሰውየው ኩሩና ቶሎ የሚቆጣ ስለነበር ይህ ሁሉ እጅግ ያንገበግበው ነበር። ይሁን እንጂ ታሞ ነው ወይስ አስመስሎ የሚለውን ክርክር ሜዳው ላይ ሲሮጥ ያየ ተመልካች በገዛ ዓይኑ መፍረድ ይችል ነበር።

ትጋቱ ሁልጊዜ ለትእዛዝ የሚገዛ አልነበረም። ጁላይ 25 ቀን 1956 ቡድኑ በመጨረሻው ዙር ለቺካጎ ካብስ 8 ለ5 እየተመራ፣ ሦስቱም ቤዞች በሯጮች ተይዘው ሳለ፣ ክሌሜንቴ የመጀመሪያውን ውርወራ አርቆ መታ። ሦስቱ ጓደኞቹ ገቡ። እርሱ ሦስተኛው ቤዝ ሲደርስ አሠልጣኙ ቦቢ ብራጋን እጃቸውን ዘርግተው እንዲቆም አዘዙት፤ አልቆመም፤ አልፏቸው ሮጦ ገባና ጨዋታው 9 ለ8 ተፈጸመ። በእኔ አስተያየት አሠልጣኙ ትክክል ነበሩ። ውጤቱ እኩል ሆኖ ሳለና ገና አንድም ሰው ሳይቃጠል ያን ያህል መድፈር ስሌቱ አይደግፈውም። ትጋትና ጥንቃቄ የሚጣሉበትን ይህን ስፍራ አንባቢ ያስታውስልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የመጀመሪያው ታላቅ ቀን ኦክቶበር 13 ቀን 1960 ነው። ፓይሬትስ ከኒውዮርክ ያንኪስ ጋር ለአሜሪካ ሻምፒዮናነት ሰባተኛውንና የመጨረሻውን ጨዋታ እያደረጉ፣ በስምንተኛው ዙር 7 ለ5 እየተመሩ፣ ሁለት ሰዎች ተቃጥለውባቸዋል። ክሌሜንቴ የመታው ኳስ ደካማ ነበር፤ መሬት ለመሬት እየነጠረ ወደ አንደኛው ቤዝ ጠባቂ ሄደ። ጠባቂው ኳሱን ሊያነሣ ቤዙን ለቅቆ ሲወጣ ወርዋሪው ጂም ኮትስ ሮጦ ሊተካው ይገባ ነበር፤ አልደረሰም። ክሌሜንቴ ቀድሞት ቤዙን ረገጠ፤ አንድ ጓደኛውም ገብቶ ውጤቱ 7 ለ6 ሆነ። ተቃጥሎ ቢሆን ዙሩ እዚያው ላይ ያከትም ነበር። ቀጥሎ የመጣው ሃል ስሚዝ ኳሱን ከአጥር ውጭ አውጥቶ ሦስት ነጥብ አስገኘ። ያንኪስ በዘጠነኛው ዙር እኩል ቢያደርጉም ቢል ማዜሮስኪ ባስቆጠረው የመጨረሻ ነጥብ ፓይሬትስ 10 ለ9 አሸነፉ። ታሪክ የማዜሮስኪን ምት ያወሳል፤ የክሌሜንቴን 27 ሜትር የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነው።

ሁለተኛው ከ11 ዓመት በኋላ መጣ። በ1971 ተጋጣሚው ባልቲሞር ኦሪዮልስ በዚያ ዓመት እያንዳንዳቸው 20 እና ከዚያ በላይ ጨዋታ ያሸነፉ አራት ወርዋሪዎች የነበሩት ቡድን ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች በቀላሉ ወስዷል። ኦክቶበር 12 ቀን በተደረገው በሦስተኛው ጨዋታ፣ በሰባተኛው ዙር ፓይሬትስ 2 ለ1 እየመሩ ሳለ፣ የ37 ዓመቱ ክሌሜንቴ የመታው ኳስ ተንከባልሎ በቀጥታ ወርዋሪው ማይክ ኩዌያር እጅ ገባ። ኩዌያር ሳይቸኩል ዞር ሲል ሰውየውን በሙሉ ፍጥነት ሲሮጥ አየው። ደንግጦ ቸኮለ፤ ውርወራውም ተበላሽቶ ጠባቂውን ከቤዙ አስለቀቀው። ከዚያ በኋላ ቀጣዩ መቺ ዊሊ ስታርጀል አራት የተበላሸ ውርወራ ስለደረሰው በነፃ ቤዝ ያዘ፤ ቦብ ሮበርትሰንም ኳሱን በቀስታ እንዲነካ የተሰጠውን ምልክት ሳያይ ከአጥር ውጭ መታው። ጨዋታው 5 ለ1 አለቀ።

ነገሩን በመሐንዲስ ዓይን ብንመለከተው፣ የሚሮጠው ሰው የሚለውጠው የራሱን ጊዜ ብቻ አይደለም። ከመቺው ስፍራ እስከ አንደኛው ቤዝ ፈጣን ሰው አራት ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ኳሱን ለማንሣት፣ ለመዞርና ለመወርወር ተከላካዩ የሚኖረው ትርፍ ጊዜ በሯጩ እርምጃ ይጠባል፤ ትርፍ ጊዜው በጠበበ መጠን ስሕተቱ ይበዛል። ይህ እንዲሠራ ግን ሯጩ የትኛው ኳስ ፍሬ እንደሚሰጥ አስቀድሞ ስለማያውቅ ሁሉንም መሮጥ አለበት። ፓይሬትስ ሻምፒዮናውን በሰባተኛው ጨዋታ 2 ለ1 አሸንፈው ሲወስዱ ክሌሜንቴ ከ29 ሙከራ 12 ጊዜ በመምታት የውድድሩ ኮከብ ተብሎ ተመረጠ። ሽልማቱን ሲቀበልም በቴሌቪዥን ፊት አስቀድሞ በስፓኝ ቋንቋ ለወላጆቹ ተናገረ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 1 ቀን ቡድኑ በታላላቆቹ ሊጎች ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘጠኙንም ቋሚ ተሰላፊዎች ጥቁሮችና ላቲኖች አድርጎ ገብቶ ነበር። ለእነዚህ ወጣቶች ክሌሜንቴ በዕድሜም በሥራም ታላቅ ወንድማቸው ነበር፤ የ37 ዓመት ሰው ከጀርባ ሕመሙ ጋር እንዲያ ሲሮጥ እያዩ የ24 ዓመቱ ልጅ ሶምሶማ ሊል አይችልም። ምክር ቢሰጣቸው ኖሮ እንዲህ ባልገባቸው ነበር።

አሁን ወደ ትጋትና ጥንቃቄ ጠብ እንመለስ። ዲሴምበር 23 ቀን 1972 የኒካራጓ ዋና ከተማ ማናጉዋ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች። ክሌሜንቴ ከጥቂት ሳምንታት በፊት የፖርቶ ሪኮን አማተር ቡድን ይዞ እዚያው ከተማ ሰንብቶ ነበር። የርዳታ ኮሚቴ መርቶ እህልና መድኃኒት ላከ፤ ዕቃው ግን በአምባገነኑ ሶሞዛ ወታደሮች እጅ እንደሚቀር ወሬ ስለደረሰው፣ ሌላ ሰው ልኮ ከመቀመጥ ይልቅ ራሱ ሊያደርስ ወሰነ። በዚያ ሰው ጠባይ ሌላ ውሳኔ የሚጠበቅ አልነበረም።

የተገኘው አውሮፕላን አሮጌ ባለአራት ሞተር ዲሲ 7 ነበር። ከአራት ሳምንት በፊት መሬት ላይ ሲንቀሳቀስ ቦይ ውስጥ ገብቶ ተጎድቷል። በኋላ በተደረገው ምርመራ ከተፈቀደለት ክብደት በላይ 1,900 ኪሎ ግራም ያህል እንደተጫነበት፣ ከአብራሪው ጋር የነበሩትም ለሥራው የተሟላ ብቃት እንዳልነበራቸው ታወቀ። እኔ ይህን በአነበብሁ ቁጥር አድናቆቴና ሙያዬ ይጣሉብኛል። የጭነት ልክ በቅን ልቡና አይሰፋም፤ ዕቃው መድረሱን በገዛ ዓይኑ ሊያረጋግጥ የተነሣው ሰው፣ ስለ አውሮፕላኑ የሚያረጋግጥለት ሰው አላገኘም። ዲሴምበር 31 ቀን ሌሊት አውሮፕላኑ ከሳን ሁዋን ተነሥቶ ወዲያው ባሕር ውስጥ ወደቀ። ከተሳፈሩት አምስት ሰዎች አንድም አልተረፈም።

ክሌሜንቴ በውድድር ዘመኑ ማብቂያ፣ ሴፕቴምበር 30 ቀን፣ 3,000ኛውን የተሳካ ምት መትቶ ነበር፤ ቁጥሩም እዚያው ቆመ። በ1973 የታዋቂዎች አዳራሽ አምስት ዓመት የሚያስጠብቀውን ደንብ ትቶ ስሙን መዘገበ። አስከሬኑ ግን አልተገኘም። በጥር 1973 መጀመሪያ የቡድን ጓደኞቹ ለጸሎተ ፍትሐት ወደ ፖርቶ ሪኮ ሲሄዱ ኳስ ያዡ ፓናማዊው ማኒ ሳንጊየን ከመካከላቸው አልነበረም። እርሱ ከጠላቂዎቹ ጋር ባሕር ውስጥ ገብቶ ይፈልገው ነበር።